ለውሃ ምህንድስና አርባ ምንጭ ወይስ ባሕር ዳር?

ውድ እህቴ፣

ከደሴ የላክሽውን ደብዳቤ በጥሞና አነበብኩት። የ12ኛ ክፍል ፈተናሽን በጥሩ ውጤት አልፈሽ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ለመሙላት እየተዘጋጀሽ እንደሆነ፣ ፍላጎትሽ የውሃ ምህንድስና እንደሆነ፣ አንቺ አርባ ምንጭን ልታስቀድሚ ስታስቢ አባትሽ ግን አክስትሽ የምትኖርበትን ባሕር ዳርን እንድታስቀድሚ እንደሚመክሩሽ ገልጸሻል። በመጨረሻም «የትኛው የተሻለ ስም አለው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ስለ ስም ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ። ቅጹ ላይ የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲን እንጂ ዲፓርትመንትን አይደለም። የምህንድስና ትምህርት 5 ዓመት የሚወስድ ሲሆን ገና ስትገቢ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ) ትምህርት ትወስጃለሽ፤ ዲፓርትመንት የሚደርስሽ ከዚያ በኋላ፣ ባመጣሽው ነጥብ ከግቢው ተማሪዎች ጋር ተወዳድረሽ ነው። በምክር ሥራዬ ከገጠሙኝ ተማሪዎች ብዙዎቹን ያስቆጫቸው ይኸው ነው፤ የፈለጉት ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳቸው ደስ ብሏቸው ሄደው፣ ዲፓርትመንት ሲለጠፍ ግን አንድም ቀን አስበውት በማያውቁት ሙያ ስማቸውን አገኙት። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብታስተካክይው እመርጣለሁ፦ የመጀመሪያው ምርጫዬ ባይሳካ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫዬ ከምወደው ሙያ ምን ያህል ይርቃል?

በዚህ መለኪያ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይለያያሉ። አርባ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ2004 ነው። የውሃው ኢንስቲትዩት ዛሬም ከሌሎቹ የምህንድስና ዘርፎች ተለይቶ ራሱን ችሎ የቆመ ሲሆን፣ ሃይድሮሊክ (የውሃ ፍሰትና ግንባታዎቹ) እና ውሃ ሀብት፣ መስኖ፣ የውሃ አቅርቦትና አካባቢ ምህንድስና፣ እንዲሁም ሜትሮሎጂና ሃይድሮሎጂ (የአየር ሁኔታና የውሃ ዑደት ጥናት) በየራሳቸው ዲፓርትመንት ይሰጡበታል። ይህም ማለት ሃይድሮሊክ ቢያመልጥሽ መስኖ አለ፤ መስኖም ቢያመልጥሽ የውሃ አቅርቦት አለ። ከውሃ ሳትወጪ መውደቂያ አለሽ።

ባሕር ዳር ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው፤ ዕድሜውም ስሙም የተከበረ ነው። በዚያ ግን የውሃው ትምህርት የሚገኘው ከሲቪል ምህንድስና ጋር በአንድ ፋኩልቲ ሲሆን፣ በዙሪያው ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኬሚካልና ሌሎችም ዘርፎች አሉ። ውሃ ወይስ ኤሌክትሪካል ብሎ ገና ላልወሰነ ተማሪ ይህ ስፋት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ደብዳቤሽ ግን እንዲህ የሚያመነታ ሰው ደብዳቤ አይደለም። አካባቢውም ለሙያው የታደለ መሆኑን አልክድም፤ ጣና አለ፣ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ አለ፣ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ አለ።

ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ውሃ መኖሩ ብቻውን ተማሪን መሐንዲስ አያደርግም። የወንዝ ፍሰት መለካት የሚማር ተማሪ ወንዙን በወርዱ ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ከውሃው ገጽ ወደ ታች የጠቅላላ ጥልቀቱ 0.6 በሆነው ቦታ ላይ የፍጥነት መለኪያውን ይዞ ፍጥነቱን ያነባል፤ ፍጥነቱን በየክፍሉ ስፋት፣ ማለትም ወርዱ በጥልቀቱ ተባዝቶ በሚገኘው፣ አባዝቶ ይደምራል። ይህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው፤ ውሃው ጉልበት ላይ ደርሶ እየገፋ፣ አንዱ ገመዱን ወጥሮ ሌላው ቁጥሩን ሲመዘግብ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ግቢ የ4ኛ ወይም የ5ኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ወንዝ እንደገቡ፣ መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው እንደሆነ ወይስ መምህሩ ሲለካ ቆመው እንዳዩ፣ ለኢንተርንሺፕ የት እንደተላኩ ጠይቂልኝ። መልሳቸው ከእኔ ምክር ቢለይ የእነሱን አስቀድሚ።

ስምን በተመለከተ እምብዛም አትጨነቂ። ተማሪዎች ለመመረቅ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ በመሆኑ ከየትም ብትማሪ በዲፓርትመንትሽ የሚቀርብልሽ ፈተና አንድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የውሃ ቢሮዎችን የቅጥር ማስታወቂያ ጠጋ ብለሽ ብታነቢ ደግሞ፣ በተፈላጊ ችሎታ አምድ የሚጻፈው የዲግሪው ዓይነትና የሥራ ልምዱ፣ ለጀማሪም «0 ዓመት» የሚለው እንጂ የዩኒቨርሲቲው ስም አይደለም።

አባትሽን በተመለከተ ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ አርባ ምንጭ ሌላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ለደጋ ልጅ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ወባም ስላለ አጎበር ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ወደ ባሕር ዳርም ቢሆን የመንገዱ ደኅንነት በወቅቱ ምን እንደሚመስል አክስትሽን ጠይቃችሁ ማመዛዘን አለባችሁ፤ አባትሽ በዚህ ረገድ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ስለ ርቀቱ ስትነጋገሩ ግን ስለ ዲፓርትመንቱ የነገርኩሽንም አንሺላቸው፤ ሳይሰሙት እንዳይወስኑ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አርባ ምንጭን አንደኛ፣ ባሕር ዳርን ሁለተኛ አድርጌ እሞላ ነበር። ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት የሚወሰን ስለሆነ ሁለተኛው ሊደርስሽ ይችላል፤ ከደረሰሽ የፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስን ከመጀመሪያው ሳምንት አጥብቀሽ ያዢ፣ የዲፓርትመንት ቅጽ ከመሙላትሽም በፊት ነጥብሽን ጨምረሽ ጻፊልኝ።