ቲማቲም ላይ ስለሚረጭ መድኃኒት ለጠየቃችሁኝ

ከመቂና ከባቱ አምራቾችም፣ ቲማቲም ከገበያ ከሚገዙም ጥያቄ ደርሶኛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለቱታ፣ ለቲማቲም ትሉ ማለት ነው፣ መድኃኒት ረጨሁ። ከሳምንት በኋላ ቅጠሉ እንደ ገመድ ተጠማዘዘ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለፈው በዚያ ፓምፕ ምን ረጨህበት? ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ ከሆነ ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ነው። ቱ ፎር ዲ ጤፉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። ቲማቲምም ለእሱ ያው አረም ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረች ጥቂት ትበቃዋለች። ቅጠሉ ይጠባል፣ ቀምበጡ ይጣመማል፣ ፍሬውም ቅርጹ ይበላሻል። ጎረቤትህ ረጭቶ ነፋስ ቢያመጣውም ያው ነው። ፓምፑን በውሃ ማለቅለቅ ብቻውን አይበቃም። ለአረም ሌላ ፓምፕ ያዝ። ውድ ነው አትበለኝ፤ ከአንድ ማሳ ቲማቲም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ቱታው እምቢ አለኝ። መጠኑን እጥፍ ላድርገው?

መልስ፦ አታድርግ። ትሉ የሚበላው በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መሃል ገብቶ ነው፤ ላይ ላዩን የሚቀር መድኃኒት ብዙም አያገኘውም። እጥፍ ስታደርገው የሚቃጠለው ቅጠልህ ነው። አንዱን መድኃኒት ደጋግመህ ከረጨህ ደግሞ ትሉ ይለምደዋል። ዕቃው ላይ ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን ትሉን የሚገድልበትን መንገድ ቀይር።

ጥያቄ፦ ከረጨሁ ስንት ቀን ቆይቼ ልልቀም?

መልስ፦ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ችግሩ ቲማቲም አንዴ ተለቅሞ አያልቅም። ሰኞ ትለቅማለህ፣ ሐሙስ ትረጫለህ፣ እሁድ ደላላው መኪና ይዞ ይመጣል። ዕቃው 7 ቀን ካለ፣ እሁድ ገና 3ኛው ቀን ነው! ከሐሙስ ይልቅ ሰኞ እንደለቀምክ ብትረጭ ቀኑ ይሞላልሃል፤ ደላላውን የሚቀጥለው ሰኞ ና በለው። ለቀማ ከተጀመረ በኋላ መጠበቂያው አጭር የሆነውን ምረጥ፤ ከባክቴሪያ የሚሠራው ቢቲ ለትንንሽ ትሎች ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቲማቲም ላይ ነጭ ዱቄት ነገር አለ። ማጠብ ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ማንኮዜብ ነው፤ ለዋግ የሚረጭ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን አላድስም ያለው መድኃኒት ነው። ልጣጩ ላይ ስለሚቀመጥ በሚወርድ ውሃ እያሸሽ ስታጥቢው አብዛኛው ይለቃል። ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ይታጠብ፤ ሲፈላ ወደ ባሰ ነገር ይለወጣል። ተክሉ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውን መድኃኒት ግን ማጠብ አያወጣውም። እሱ የሚቀንሰው ገበሬው መጠበቂያ ቀኑን ሲታገሥ ነው።

ጥያቄ፦ በሳሙና ወይም በበረኪናስ?

መልስ፦ ኧረ ተዪው! እሱም ሌላ ኬሚካል ነው።