ስለ ዳገቱ ጠየቃችሁኝ፤ እኔ ስለ ቁልቁለቱ ልንገራችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ብስክሌቱን በር ላይ አስደግፎ፣ «ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት ስንት ጥርስ ያለው ማርሽ ላስገጥም?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱን እነግራችኋለሁ። ግን ብስክሌት በጠገንኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ መውጣት የሚጠይቀኝ አላጣሁም፤ ስለ መውረድ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው ትዝ አይለኝም። ልጁ ከሄደ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንድ የድሮ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) እያሰብኩ አደርኩ።

ብስክሌቷ ቀጭን ጎማ ያላት ኮርሳ ነበረች። ባለቤቱ ተማሪ ነው። የፊት ጎማው ተንፍሶ፣ ጓደኞቹ ሸዋ በር እየጠበቁት፣ ቶሎ ቶሎ እያለ መጣ። ካላማዳሪውን አውጥቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋው የወጣው አስፋልት ከሚነካው ወገን ሳይሆን ጎማው ከሚቀመጥበት የብረት ክብ፣ ከቸርኬው በኩል ነው። ይህን ልብ በሉ። ቀዳዳ በውጪ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ጠርሙስ ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ ግን የራጂውን (ቸርኬውን ከመሃሉ የሚያያይዘውን ሽቦ) ራስ የሚሸፍነው ጨርቅ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ እሱን ሳታስተካክሉ ብትጠግኑ ነገ እዚያው ቦታ ይበሳል። ጨርቁን አስተካከልኩ። ካላማዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ማስቲሽ ቀባሁ።

ማስቲሽ 5 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ማብረቅረቁ ጠፍቶ፣ በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይከተል እስኪሆን መጠበቅ ነው። ፓቹ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቁራጭ ላስቲክ፣ የሚለጠፈው ያኔ ነው። እኔ አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠበቅኩም። ልጁ ሰዓቱን ያያል፣ እኔም አየሁለት። እርጥቡ ላይ ለጠፍኩት።

ክፋቱ እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ፓች የያዘ ይመስላል። ነፋሁት፤ ውሃ ውስጥ አስገባሁት፤ አረፋ የለም። ጎማና ቸርኬ መሃል ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ሜዳ ላይ ሳምንት ሊሄድ ይችላል። የሚያላቅቀው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሞልቷል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 600 ሜትር ቁመት ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የቧንቧ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ጉልበት ወይ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ፈራ ተባ እያለ፣ ፍሬኑን ሳይለቅ በዝግታ የሚወርድ ሰው ለነፋሱ ምንም አይተውለትም፤ ሁሉም ቸርኬው ላይ ያርፋል። ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪው ውስጥ ያለው አየር ያብጣል፣ ማስቲሹ ይለሰልሳል።

ልጁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ኩርባ ላይ ወደቀ። የፊት ጎማ በኩርባ ሲተነፍስ መሪ አይታዘዝም። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ ከኋላው ይመጣ የነበረው አይሱዙ እንደ እግዜር ፈቃድ ቆመለት። ብስክሌቷን እናቱ በጋሪ አስጭነው አመጡልኝ። ጎማውን ስከፍት ፓቹ ከቦታው ግማሽ ጣት ያህል ተንሸራቶ ነበር፤ ከሥሩ ማስቲሹ እንደ ማር ክር ይመዛል። የፍሬን ጎማዎቹ ፊታቸው ጠጥሮ እንደ መስታወት ያበራል። አንብቤ ጨረስኩት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

እናቱ፣ «በጣም ፈጥኖ ነው አሉ፤ ይህችን ነገር ሽጥልን» አሉኝ። ጓደኞቹም በፍጥነት ነው ይሉ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ልጁ ከፍሬኑ እጁን ሳያነሳ፣ በፍርሃት በዝግታ እንደወረደ የፍሬኑ ጎማ እየመሰከረልኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ላይ አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ያን ቀን ለእሱ ልነግረው የሚገባኝን ለእናንተ ልንገር። ፍሬን ያዝ አድርጎ መልቀቅ ነው እንጂ እየጎተቱ መውረድ አይደለም። ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ግደሉት፤ ወገባችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ኩርባው ውስጥ ስትገቡ ልቀቁ። አብዛኛው የማቆም ኃይል የፊተኛው ነው፤ «የፊቱን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» የሚሉትን አትስሙ፤ የሚገለብጠው በድንገት የሚይዘው ሰው ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ደግሞ ደረታችሁን ቀና አድርጋችሁ ለነፋሱ ስጡት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ነው፤ የማያልቅ ፍሬን ነው። መቆሚያ ርቀቱም ግን እንደዚሁ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን አትርሱ። መሃል ላይ ወርዳችሁ ቸርኬውን በጣት ጫፍ ንኩት። ካቃጠላችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ውሃ አታፍሱበት።

የፍሬን ጎማው ፊት ካበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ውስጡ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንጣሪ ካለ በመርፌ ይነቀላል፤ ካልተነቀለ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የፍሬኑ ካቦ ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ይቀየር። በሐምሌና ነሐሴ ቸርኬው እርጥብ ነው፤ የፍሬኑ የመጀመሪያ ዙሮች ውሃውን ከመጥረግ አያልፉም፤ ጎርፍ የተወው ጠጠር ደግሞ የሚቆየው ኩርባ ላይ ነው።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን መሪው ላይ አስራችሁ ፍጥነት ትቆጥራላችሁ። ቁጥሩ አይከፋም፤ ግን አይናችሁን ከመንገዱ ይወስደዋል። ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ የማስነፋት ልማዳችሁም አያስደስተኝም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ፊት 75፣ ኋላ 80 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ይበቃዋል፤ ባለ 28 ከሆነ ከዚያም 10 ቀንሱ። የተላጠ አስፋልት ላይ የደረቀ ጎማ ይዘላል እንጂ አይዝም። በሌላ በኩል እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ የራስ መከላከያ ቆብ ታደርጋላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ። እኛ ከጎሚስታ ጎሚስታ እያየን ነው የተማርነው፤ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ቃሉን ስንወርስ መመሪያውን አልወረስንም። ብስክሌት የእኛ ስፖርት አይደለም ለሚሏችሁም ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ኦሎምፒኳ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ብስክሌተኞች እንዳሰለፈች ንገሯቸው። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ የደሴ ኮምቦልቻን ዋና መንገድ ተዉት ነው የምለው። ከጅቡቲ በባቲ በኩል የሚመጡት ከባድ መኪናዎች እዚያው ላይ ናቸው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ደሴ ዙሪያ ገራዶ አለላችሁ፣ ኩታበር አለላችሁ፤ ለጀማሪ ደግሞ ከሐይቅ ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር የሚገባው አጭር መንገድ ጥሩ ነው። ሰኞ ሰኞ የባቲን አቅጣጫ አትሞክሩት፤ ገበያተኛው፣ ግመሉ፣ አህያው መንገዱን ይሞላዋል። አህያ ደግሞ ደወል ሰምቶ አይለቅም፤ ነጂውን በድምፅ ጥሩት። ይህን ብያችሁም እውነቱን ልናገር፦ ንጋት ላይ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ጉም ለብሶ እየታየ ሐረጎን የመውረድን ያህል ደስ የሚል ነገር አላውቅም። መከልከሉን አልቻልኩበትም። የምትወርዱ ከሆነ ለብርዱ ጋዜጣ ከልብሳችሁ ሥር ደረታችሁ ላይ ክተቱ።

የማርሹ መልስ ይኸው። ፊት 42፣ ኋላ 24 ጥርስ በሆነው በድሮው ኮርሳ አንድ የፔዳል ዙር 3.7 ሜትር ያስኬዳል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል። ፊት 34፣ ኋላ 32 አስገጥሙ፤ ዙሩ 2.2 ሜትር ይሆናል፣ እግር ሳይቆም ይዞራል። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ግን 32 ጥርስ የሚሸከም መሆኑን አስቀድማችሁ አስዩ፤ አጭር ከሆነ ሰንሰለቱን ይወጥረዋል። ውሃና ጭብጦ መያዝ እንዳለባችሁ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ዘንድ ያለ ምንም ልመና ይሠራላችኋል። ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ብስክሌቱን በዋዜማው አምጡልኝ። ፓች ያለበትን ካላማዳሪ ከፊት አውጥቼ ወደ ኋላ አዛውረዋለሁ፤ ፊት ላይ ያልተበሳ አዲስ ይገባል። «ቶሎ በል ጋሼ» ብትሉኝም ማስቲሹ እስኪደርቅ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።