«ታማኝ ነኝ፣ ግን…»፦ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ለምታጠኑ ልጆቼ

ካርታው ላይ የተቀባውን ቀለም አትመኑ። ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪ የደቡብ ግዛቶች ከአሜሪካ ሲገነጠሉ ባርነትን ሳይተዉ ከሰሜኑ ጋር ስለቀሩ በአንድ ቀለም ይቀባሉ። እናንተ ግን የታማኝነቱን ቅድመ ሁኔታ፣ «ግን» የምትለዋን ቃል፣ ፈልጉ።

ከ1860ው የሕዝብ ቆጠራ ጀምሩ (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ደላዌር 1,798 ባሮች ነበሯት፤ ኬንታኪ 225,483። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ ስንፍና ነው። ከዚያ ወደ ካውንቲ ውረዱ። ዛሬ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለው የሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ትምባሆ አብቃይ ነበር፤ ከነዋሪው ከግማሽ በላዩ ባሪያ ነው። ባልቲሞር ውስጥ ግን ከጥቁሮቹ አብዛኞቹ ነፃ ነበሩ። ሜሪላንድ አንድ ልብ ትኖራታለች ብላችሁ አትጠብቁ።

ቀጥሎ ቀን ከቀን አስተያዩ። ድምፁ የተሰጠው ወታደር ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚዙሪ ጉባኤ በመጋቢት 1861 መገንጠልን 98 ለ1 ውድቅ ሲያደርግ የሚያስገድደው ጦር አልነበረም፤ ስለዚህ ድምፁ ይመዝናል። የጉባኤው ሰብሳቢ ስተርሊንግ ፕራይስም ከዚያው ወገን ነበሩ። ግንቦት 10 ግን የሰሜኑ ጦር መኮንን ናትናኤል ላዮን ሴንት ሉዊስ ላይ የግዛቱን ሚሊሻ ማረከ፤ ወታደሮቹም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ፕራይስ ወዲያው የሰሜኑን ጦር የሚወጋው የግዛቱ ዘብ አዛዥ ሆኑ። ሰውየው «ከሃዲ ነበሩ ወይስ ታማኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቅድመ ሁኔታቸው መቼ ፈረሰ ብላችሁ ጠይቁ። በሜሪላንድ በመስከረም 1861 የምክር ቤት አባላት ታስረዋልና፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ እንደ ድጋፍ አትቁጠሩት።

ኬንታኪን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፕሬዚዳንት ሊንከን የተወለዱባት ግዛት በ1860ው ምርጫ የሰጠቻቸው 1,364 ድምፅ ብቻ ነው። በግንቦት 1861 ገለልተኛ ነኝ አለች። መስከረም መግቢያ ላይ የደቡቡ ጄኔራል ፖልክ ቀድመው ወሰኗን ጥሰው ኮሎምበስን ያዙ፤ የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ተከትለው እዚያው ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ ገቡ። ምክር ቤቱ ውጡልኝ ያለው ደቡቦቹን ነው። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ነገሩን ሁሉ በፖልክ ስህተት ያሳብባል። በነሐሴው ምርጫ እኮ የአንድነት ደጋፊዎች ምክር ቤቱን አስቀድመው በሰፊ ብልጫ ይዘውት ነበር። የሰሜኑ ጄኔራል ፍሬሞንት በዚያው ሰሞን የሚዙሪ አማፂያንን ባሮች ነፃ አውጃለሁ ቢሉ፣ ሊንከን የሻሩባቸው ኬንታኪ እንዳታፈነግጥ ነው። የኬንታኪ «ግን» ባርነቱ ነበር።

የታማኝነት መሐላ መዝገብ ብታገኙ አትፈንድቁ፤ ከእስር ለመውጣት ወይም የንግድ ፈቃድ ለማግኘት የማለ ብዙ ነው። ያልተጠየቁትንም ቁጠሩ። የ1863ቱ የነፃነት አዋጅ ኬንታኪን አይነካም ነበር፤ ሆኖም ወደ 24,000 የሚሆኑ ጥቁሮቿ ለሰሜኑ ዘምተዋል፣ ብዙዎቹም ነፃ የወጡት በመመዝገባቸው ነው። ባርነትን የሻረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግን «ታማኟ» ኬንታኪ በ1865 አልቀበልም አለች፤ ያጸደቀችው በ1976 ነው።