መልስ፦ ፋሮ ጃማይካ እንዴት ደረሰ?

«ትንሹ የህንድ ፋሮ የእስያ እንስሳ ከሆነ ጃማይካ ምን ወሰደው?» ላልከው፣ የወሰደው ሰው ነው። እዚያ የሸንኮራ አገዳውን አይጥ ፈጅቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ኤስፔውት የተባለ ባለእርሻ 9 ፋሮዎችን ከህንዷ ካልካታ በመርከብ አስመጣ። መጀመሪያ ላይ አይጡ ቀነሰለት። ወሬው ሲሰማ ሌሎች ደሴቶችም ተሻሙት፤ በ1883 ሃዋይ ደረሰ።

ችግሩ ፋሮ የሚያድነው ቀን ነው፤ አይጥ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ማታ። ስለዚህ ወደ ወፍ እንቁላልና ወደ እንሽላሊት ዞረ። በጣም የሚያሳዝነኝ የሃዋይ ዝይ፣ ኔኔ ነው። ጎጆውን መሬት ላይ ነው የሚሠራው፤ እንዲህ ያለ ጠላት አያውቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ ታውቆ እያለ በ1979 የጃፓኗ አማሚ ደሴት ላይ 30 ያህል ተለቀቁ፣ መርዘኛ እባብ እንዲገድሉ። እባቡም የማታ ነው! ፋሮዎቹ ሌላ ቦታ ብዙም የማይገኘውን የአማሚ ጥንቸል ይበሉ ጀመር። ጃፓን ከደሴቱ ጨርሳ እንዳጠፋቻቸው ያወጀችው በ2024 ነው።