ቲፕማን 98 ወይስ ኤ-5?

ጥያቄ፦ ጓደኛሞች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፔይንትቦል (ቀለም የያዘ ኳስ የሚተኮስበት ጨዋታ) ለመጫወት ጠመንጃ ከውጭ ልናስመጣ አስበናል። ቲፕማን 98 ከስተም እና ቲፕማን ኤ-5 ላይ ለሁለት ተከፍለናል። የኤ-5 ደጋፊዎች «ፍጥነቱ አይገናኝም» ይላሉ። የቱ ይሻለናል?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ 98ቱን ግዙ።

ፍጥነቱ እውነት ነው። ኤ-5 ሳይክሎን በሚባለውና በጋዝ በሚዞረው ክፍሉ በሰከንድ እስከ 15 ኳስ ይጎርሳል። በ98ቱ ግን ኳሱ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ቃታውን ካጣደፋችሁት በግማሽ የገባውን ኳስ ይቆርጥና በርሜሉን በቀለም ያጨማልቀዋል። ግን አስሉት፤ 200 ኳስ የሚይዝ ሆፐር (ከላይ የሚገጠመው የኳስ መያዣ) በኤ-5 ፍጥነት በ13 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ኳሱም ከውጭ ነው የሚመጣው!

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ጋዙ ነው። እዚህ በቀላሉ የሚሞላላችሁ እሳት ማጥፊያ የሚሞሉ ቤቶች የሚጠቀሙበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግፊቱ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ነው፤ በክረምት ጠዋት በ10 ዲግሪ ወደ 45 ይወርዳል፤ አከታትላችሁ ስትተኩሱ ደግሞ ጠርሙሱ ራሱ ይበርዳል። ግፊት ሲያንስ የኋላው ቦልት (ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሄደው ብረት) በደንብ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ቃታው አይዘውም፤ አንዴ ስትስቡ ደጋግሞ ይተኩሳል። ብዙ ሰው ቃታው የተበላሸ ይመስለውና ይፈታታዋል። ይህ በሁለቱም ይደርሳል፤ በኤ-5 ግን ሳይክሎኑም ከዚያው ጋዝ ስለሚካፈል ኳስ ማቅረቡም ይደክማል።

ኤ-5 የሚበልጠው በአፈታቱ ነው፤ ፒኖቹን መንቀል ብቻ ይበቃል። 98ቱ አለን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሁለት ሲከፈልም ስፕሪንጎቹ እንዳይበተኑ ጨርቅ አንጥፉለት። የሁለቱ በርሜል ጥርስ ስለማይገጥም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይግዛ።

ከጠመንጃው ጋር የጋዝ መሙያ አዳፕተር እዘዙ፤ የእሳት ማጥፊያው ራስ አይገጥምም። ባለ 20 አውንሱ ጠርሙስ በሚዛን ከ567 ግራም በላይ አይሞላ፤ ከበለጠ ፀሐይ ሲነካው የደህንነት ዲስኩ ይፈነዳል። የጠርሙሱን አፍ የሚዘጋው ኦሪንግ (ማሸጊያ ቀለበት) ዩሬቴን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ይሁን፤ ተራው ጥቁር ጎማ ጋዙን መጦ ያብጣል። ከመጫወታችሁ በፊት በጋዝ መግቢያው 4 ወይም 5 ጠብታ የጠመንጃ ዘይት አድርጉ። ዳብሊውዲ-40 የሚባለውን ስፕሬይ አታስጠጉት።

98ቱ በዋጋ ስለሚያንስ፣ በልዩነቱ የኳሱን ፍጥነት መለኪያ ግዙ። ኳሱ በሰከንድ ከ91 ሜትር (300 ጫማ) ማለፍ ክልክል ነው፤ 85 ላይ አድርጉት። የፍጥነቱ ብሎን ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስትለኩም ማስኩ ከፊታችሁ አይውለቅ።