ካቻቢቴው ጤነኛ ነው፣ የታመመው ድንጋዩ ነው

አንድ ወጣት የካቢኔት ገጣሚ ከአዲስ አበባ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከስምንት ወር በፊት ‹48 ቮልት› የሚል የባትሪ ካቻቢቴ ገዛሁ። በባዶው ሲዞር እንደ አዲስ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ብሎን ቺፕውድ ውስጥ ሳስገባበት ግን ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። አንድ ደቂቃ ሳሳርፈው ይነሣል፣ ሁለት ብሎን ያስገባና ደግሞ ይቆማል። የባትሪው መብራቶች ሁልጊዜ ሙሉ ነው ይላሉ። አንዱ ጠጋኝ የሞተሩን ካርቦን ቀየረልኝ፣ ሌላው ማብሪያውን፣ ሦስተኛው ባትሪውን ከፍቶ በውስጡ ካሉት ድንጋዮች (ሴሎች) አንዱን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል። በእኛ ሰፈር መብራት የሚገኘው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ሰክቼው እተኛለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለገና ስለሚመጣ አነስ ያለ ጥሩ ካቻቢቴ ላስመጣ አስቤአለሁ። ከ48 የሚበልጥ ቮልት ይኑረው?»

ወንድሜ፣ ከቮልቱ በፊት «ሰክቼው እተኛለሁ» ያልከው ላይ እንቁም። ዛሬ ማታ ያንን ባትሪ ቻርጅ አታድርገው፤ ነገም አታድርገው። አሁኑኑ ከመኝታ ቤት አውጣና የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ደረቅ ቦታ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው። ተከፍቶ የተነካካና ከዚያ በኋላ መጋል የጀመረ የሊቲየም ባትሪ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም።

አሁን ወደ በሽታው። ሥራ ሲከብደው ቆሞ፣ ሲያርፍ የሚነሣ፣ መብራቱ ደግሞ ሙሉ ነኝ የሚል ዕቃ ሲመጣልኝ ሞተሩን አልከፍትም። ካርቦን ያለቀበት ሞተር በባዶውም ይንገታገታል፣ በአየር መውጫው በኩል ብልጭታው ይታያል፣ ቀፎውን መታ ሲያደርጉት ይነሣል። ማብሪያው የተበላሸ እንደሆነ ወይ ጨርሶ አይሠራም ወይ ቀስ ብሎ መዞር እምቢ ይልና በሙሉ ፍጥነት ብቻ ይሮጣል። የውስጥ ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ጆሮህ ይነግርሃል። በአንድ ደቂቃ ዕረፍት የሚያገግመው ግን ባትሪ ነው። ለካርቦኑና ለማብሪያው የከፈልከው ገንዘብ ውኃ በልቶታል። ቴስተር ሳያነሡ ዕቃ የሚቀይሩ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል፤ የሁለት ደቂቃ ልኬታ ከሁለት ጥገና ያድንህ ነበር።

ያ ባትሪ ሲከፈት በተከታታይ የተያያዙ አምስት ድንጋዮች እንደሚገኙበት እወራረዳለሁ። አንድ የሊቲየም ድንጋይ መጠሪያው 3.6 ቮልት ነው፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስት ሲደረደር 18 ነው፣ ሲሞላ 21። ለ48 ቮልት 13 ድንጋይ መደርደር ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ በመዳፍህ የምትይዘው ሳጥን ግን ያንን ሁሉ አይችልም። እኔ 88 የሚልም 128 የሚልም ከፍቼ አይቻለሁ። ውስጣቸው ያው አምስት ነው። ቁጥሩ የተለጣፊ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው ያስወጣቸው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ላስረዳህ። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ስጀምር ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አንተ ታገሠኝ።

ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ የተቦካ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚወጣ አይተሃል። አምስት ሠራተኞች ደረጃው ላይ ይደረደሩና ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። የአንደኛው እጅ የለቀቀውን ባልዲ ሁለተኛው መቀበል አለበት፣ ሁለተኛው የለቀቀውን ሦስተኛው። ማንም «እኔ ዛሬ ደክሞኛልና በሁለት አንድ ስጡኝ» ሊል አይችልም። በባትሪህ ውስጥም በአምስቱ ድንጋዮች የሚያልፈው ኮረንት አንድና እኩል ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት አምስቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ጤነኛም ይመስላሉ፤ ፎርማኑ ከታች ሆኖ ቢቆጥር አምስት ሰው ነው። የባትሪህ መብራቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሥራ ፈትቶ ሳለ ቮልቱን ያዩና «ሙሉ» ይላሉ። ብሎኑ ቺፕውዱን ነክሶ ሲጠብቅ ሞተሩ ብዙ ኮረንት ይጠራል፣ ባልዲዎቹ መፍጠን ይጀምራሉ፣ ሦስተኛው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። የእርሱ ቮልት ከ3.6 ወደ 2፣ ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ሌሎቹ አራቱ እየገፉት ጭራሹን የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። የባትሪው መጠበቂያ ካርድ ይህን አይቶ በሩን ይዘጋል። አንተ «ቆመ» ትላለህ። ጭነቱ ሲነሣለት ደካማው እንደገና ቀና ይላል፣ መብራቱም ሙሉ ነው ይልሃል። አልዋሸህም፤ ሰው ሲቆጥር ነው የከረመው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሰልፉ ሥራ ላይ ሲሆን ሳይሆን ሲሞላ ነው። ሦስተኛው ጠጋኝህ የለወጠው ድንጋይ ምናልባት ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ አልተወለደም፣ የሚይዘውም መጠን አይገጥምም። ርካሽ ቻርጀር የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ 21 ሲደርስ ያቆማል። እንግዲህ ደምር። አራቱ ገና 4.15 ላይ ናቸው፣ ይህ 16.6 ነው። ትንሹ ድንጋይ ቀድሞ ሞልቶ 4.4 ላይ ደርሷል። ድምሩ 21። ቻርጀሩ ደስ ብሎታል፣ አረንጓዴ መብራት አብርቷል፤ ያ አንዱ ድንጋይ ግን ከልኩ በላይ ታጭቆ እየጋለ ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚጠብቅ ካርድ ቢኖር ያስቆመው ነበር። ጠጋኝህ ግን ካርዱን በቻርጁ በኩል በሽቦ ዘሎት ይሆናል፤ «ካርዱ ነው የሚያስቸግርህ» የሚሉ ብዙ አጋጥመውኛል። በዚያ ላይ ድንጋዩን በቀለጠ ሊድ አጣብቆት ከሆነ ሙቀቱ ውስጡን ጎድቶታል። ፋብሪካ በቀጭን የኒኬል ቆርቆሮ በነጥብ ብየዳ የሚያያይዘው ለቄንጥ አይደለም።

ጥርጣሬዬን ማረጋገጥ ከፈለግህ ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ፣ ከቤት ውጭ ሆነህ የባትሪውን አራት ብሎኖች ፍታ። ካቻቢቴው እንደቆመብህ ወዲያው አምስቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለካ። አራቱ 3.7 አካባቢ ሆነው አንዱ ከ3 በታች ከሆነ ሌባው ተያዘ። የቴስተርህ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፎች እንዳያገናኝ ተጠንቀቅ፤ ያ ብልጭታ ቀልድ አያውቅም። ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካየህ መለካቱን ተወው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሌላ ድንጋይ አታስለውጥ፣ ተመልሰህም አትሙላው።

አዲሱን ስለ መምረጥ። ካቻቢቴ አትግዛ፣ ባትሪ ግዛ። ካቻቢቴው የባትሪው አፍ ነው፤ የሚያኖርህም የሚያከስርህም ባትሪው ነው።

ትንንሾቹ፣ በውስጣቸው አንድ ድንጋይ ብቻ ያለባቸው 3.6 ቮልቶች አሉ። የቦሽ ኢክሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ የሊቲየም ባትሪ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው የእጅ መሣሪያ ነበር፤ እኔም እወደዋለሁ፣ የሶኬት ክዳን ለሚገጥም ኤሌክትሪሺያን ወይም በቤቱ የመጋረጃ ዘንግ ለሚሰቅል ሰው። የመጠምዘዝ ጉልበቱ ግን ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የአንተን 50 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚጨርሰው የእጅህ አንጓ ይሆናል። ባትሪውም ስለማይወጣ ድንጋዩ የሞተ ዕለት ዕቃው ሁሉ ሞተ ማለት ነው።

ለአንተ የሚሆነው 12 ቮልት የሚባለው ክፍል ነው። ሦስት ድንጋይ ነው፤ እውነተኛ መጠሪያው 10.8 ነው፣ ሲሞላ ያለውን ከፍታ ይዘው ነው 12 የሚሉት። አሜሪካ «20 ቮልት ማክስ» የሚባለውም አውሮፓ 18 ከሚባለው ጋር አንድ ዓይነት፣ አምስት ድንጋይ ነው፤ ወንድምህ በሱቅ ውስጥ እንዳይደናገር ንገረው። ደህና የሆነው ባለ 12 ቮልት 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይሰጥሃል፣ ከነባትሪው አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የአንተን «48» ደግሞ ያሳፍረዋል። ካቢኔት ውስጥ ጭንቅላትህን ከትተህ ክንድህን ዘርግተህ ቀኑን ሙሉ የምትሠራ ሰው ነህና ያቺ ግማሽ ኪሎ ልዩነት ማታ ትከሻህ ላይ ትታወቃለች። የማጥበቂያ ቀለበቱ፣ ማለትም ብሎኑ ሲጠብቅ መግፋቱን የሚያስቆመው ባለ ቁጥሩ ቀለበት፣ በትክክል የሚይዝ መሆኑንም ተመልከት፤ የማጠፊያ ብሎን 3.5 በ16 ሚሊ ሜትር ነው፣ ርካሹ ዕቃ ቀለበቱ 3 ላይም 15 ላይም ሆኖ እኩል ይገፋና ቺፕውዱን ይፈጨዋል። ካርቦን የሌለው ሞተር ካገኘህ መልካም፤ ካላገኘህ አትዘን። ብሎኬትና ኮንክሪት ለፊሸር መብሳት ግን የዚህ ሥራ አይደለም፣ ለዚያ የሚመታ ድሪል ያስፈልግሃል።

ቀጥሎ የባትሪ ቤተሰብ የምለው ነገር አለ። ባትሪ ከቤተሰቡ ውጭ አያገባም። የማኪታ 12 በማኪታ 18 ላይ አይገባም፤ የሚልዋኪ ኤም12 እና ኤም18ም እንዲሁ። ቦሽ ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ቤት ሠርቷል፦ ሰማያዊው የባለሙያ፣ አረንጓዴው የቤት ነው፤ የ18 ቮልት ባትሪያቸው አይለዋወጥም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት መጋዝና የእጅ ማለስለሻ በባትሪ ለመግዛት ካሰብክ ከመጀመሪያው በ18 ግባ፣ ክብደቱንም ቻለው። ብሎንና ማጠፊያ ብቻ ከሆነ 12 ይበቃሃል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ፣ ከእጄ የማይወጣው ግን ትንሹ ነው። ስሙን ከመምረጥህ በፊት ግን ምትክ ባትሪው አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታመን ነጋዴ ይገኝ እንደሆነ ዞረህ ጠይቅ፤ ወንድምህ በየዓመቱ ባትሪ አይሸከምልህም። የታወቀ ስም የተለጠፈበት፣ ዋጋው ግን ግማሽ የሆነ ባትሪ ሲያሳዩህ በእጅህ መዝነው። ከእውነተኛው የሚቀል ከሆነ መልስለት።

ሁለት ባለ 2 አምፔር ሰዓት (የሚይዘው መጠን ነው) ባትሪ ይግዛልህ፣ አንድ ትልቅ ሳይሆን። አንዱ ሲሠራ ሌላው እዚያው ዓይንህ ሥር ይሞላል፤ ጄኔሬተር ያለበት ሥራ ቦታ ከሆነ ቀን ቀን ትጨርሳለህ። የሌሊቱ ነገር እንዲህ ነው የሚቀረው። አዲስና ጤነኛ ባትሪም ቢሆን ተኝተህ አትሙላ፣ በተለይ ጠፍቶ የሚመለስ መብራት በኃይል በሚገባበት ሰፈር።

ትልቁ ወጥመድ ቻርጀሩ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከእነሱ ዕቃ ጋር የሚመጣው ቻርጀር ጀርባው ላይ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ጢስ ያወጣል፤ የሶኬት መቀየሪያ እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በሰላም ይሰካል። ካልሆነ ካቻቢቴውንና ባትሪውን ያምጣ፣ ቻርጀሩን ግን በዚያው ቤተሰብ ለ220 ቮልት የተሠራውን ለብቻ ግዛ፤ ዱባይ ዘመድ ካለህ ከዚያ ማስመጣት ይቀላል፣ እዚያ ያለው ከእኛው ጋር ይስማማል፣ እግሩ ብቻ ነው የሚለየው። ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመርም ይሠራል፣ ግን ያንን ብረት በየሥራ ቦታው ማን ይሸከማል?

ለአውሮፕላኑ፣ ካቻቢቴው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ ትርፍ ባትሪዎቹ ግን በእጅ ሻንጣ፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዛው፤ 10.8 በ2 ሲባዛ 21.6 ዋት ሰዓት ነው፣ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት 100 በብዙ ያንሳል። የተነካካ ወይም ያበጠ ባትሪ ግን አውሮፕላን ላይም አይወጣም።

ጥቂት ስለ ቢት፣ ካቻቢቴው አፍ ላይ ስለምትሰካው ጫፍ። የካቢኔት ብሎኖችህን ራስ ተመልከት፤ በመስቀሉ መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካሉ ፖዚድራይቭ ነው፣ ፒዜድ 2 ቢት ይፈልጋል። ጥቁሮቹ የጂፕሰም ብሎኖች ጭረት የሌለው ተራ መስቀል፣ ፒኤች 2 ናቸው። አንዱን በሌላው ስትገፋ ቢቱ ይዘላል፣ የብሎኑ ራስ ይበላል፣ አንተም «ጉልበት የለውም» ብለህ ካቻቢቴውን ትረግማለህ። ጥቁሩን ብሎን ደግሞ ካቢኔት መስቀያ አታድርገው፤ ደረቅ ስለሆነ አንገቱ ይሰበራል፣ ካቢኔቱም ሳህን እንደተሞላ ይወርዳል።

አሮጌውን ባትሪ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነህ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ከቤት ውጭ አቆየው፤ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ እንዳትጥለው። ወንድምህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የባትሪውንና የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ፣ አንተም ለእኔ አስተላልፈው፤ የቻርጀሩ ፎቶ ቁጥሩ ጎልቶ የሚነበብ ይሁን።