መልስ፦ የስቲቭ ፎርብስ 17 በመቶ ታክስ ለማን ይመች ነበር?

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካዊው የመጽሔት አሳታሚ ስለ ስቲቭ ፎርብስ የታክስ ዕቅድ «ሁሉም እኩል 17 በመቶ ከከፈለ አድልዎው ምኑ ላይ ነው? ፎርብስስ ከመጀመሪያው የማሸነፍ ተስፋ ነበረው ወይ?» ብለሃል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1996 የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ሲወዳደር ባቀረበው ዕቅድ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ካሉ ከዓመት ገቢያቸው የመጀመሪያው 36,000 ዶላር አይነካም። ቤቱ የሚገባው ደመወዝ 50,000 ከሆነ ታክስ የሚጣለው በ14,000ው ላይ ብቻ ነው። 2,380 ዶላር ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ እሰየው!

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 17 በመቶው የሚያርፈው ደመወዝና ጡረታ ላይ ነው። ከባንክ ወለድ፣ ከአክሲዮን ድርሻ ወይም አክሲዮን ሸጦ ከሚገኝ ትርፍ ግለሰቡ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ፎርብስ ድርጅቱ አስቀድሞ ከፍሎበታል ባይ ነው። ክርክሩ ጨርሶ ውኃ አያነሳም አልልም። ግን ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ እየከፈለች፣ የአባቱን አክሲዮን ወርሶ የተቀመጠ ሰው የግል ታክሱ ዜሮ ሲሆን ማን ይዋጥለታል? ሐሳቡን ያመጣው ደግሞ ራሱ ሀብት የወረሰ ሰው ነው! የቤት ብድር ወለድን ታክስ ከሚጣልበት ገቢ ላይ መቀነስም ይቀር ነበር፤ ባለ ብድሩን ያስደነገጠው ይኼ ነው።

ተስፋውን በተመለከተ፣ ተመርጦ ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ሰው ከኪሱ ብዙ ሚሊዮን አፍስሶ በደላዌርና በአሪዞና ክፍለ ግዛቶች የፓርቲውን ቅድመ ምርጫ አሸንፏል። ቀላል አይደለም። አዮዋና ኒው ሃምፕሸር ላይ ግን አራተኛ ነው የወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ለተፎካካሪው ለቦብ ዶል ለቀቀ። እኔ ብሆን ከዕቅዱ የታክስ ቅጹን ማሳጠሩን እቀበልና የአክሲዮኑን ነገር አልቀበልም ነበር።